ድምፅ ሳይለወጥ አሸናፊ ሲለወጥ፤ የምርጫ ሥርዓቶች ጥቅምና ጉድለት

ምርጫ ሲነሳ የብዙዎች ትኩረት ማን ተወዳደረ፣ ማንስ አሸነፈ በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ያርፋል። መራጩ ኮሮጆ ውስጥ የከተተው ድምፅ በምን ዓይነት ስሌት ወደ ወንበር እንደሚለወጥ ግን እምብዛም ሲነገር አይሰማም። ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ አንስቶ እስከ አንድ የገጠር ኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ ድረስ ስሌቱ አስቀድሞ በሕግ ወይም በደንብ የተወሰነ በመሆኑ ብዙ ሰው እንደ ተፈጥሮ ሕግ ይቆጥረዋል። ስሌቱ ሲለወጥ ግን የአንድም መራጭ ፍላጎት ሳይለወጥ አሸናፊው ሊለወጥ ይችላል።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆን ምሳሌ ከአዲስ ቅዳም አካባቢ ኑሮ መውሰድ ይቻላል። ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው አዲስ ቅዳም በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ዋና ከተማ ነች። የወረዳው አርሶ አደር የመሬቱ አሲዳማነት የሰብል ምርቱን ሲቀንስበት ዲከረንስ የተባለውን የግራር ዝርያ በማሳው ላይ እየተከለ ከሰል አምርቶ መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል። በመሆኑም መሬትንና ገንዘብን ለዛፍ ወይስ ለእህል ማዋል ይሻላል የሚለው ጥያቄ ለአካባቢው ነዋሪ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው።

900 አባላት ያሉት አንድ ምናባዊ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበሩን ለመምረጥ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራ እንበል። ሦስት እጩዎች ቀርበዋል። አንደኛው የማኅበሩ ገንዘብ በሙሉ ከሰል ለማጓጓዝ የሚያገለግል የጭነት መኪና ይገዛበት ይላል። ሁለተኛው ገንዘቡ በሙሉ የአፈሩን አሲዳማነት ለሚያክም ኖራና ለድንች ዘር ይዋል ባይ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ገንዘቡ ለሁለቱም እኩል እንዲከፈል ይፈልጋል። ድምፁ ሲቆጠር አንደኛው 360፣ ሁለተኛው 300፣ ሦስተኛው 240 አገኙ። ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል በሚለው ደንብ መሠረት አንደኛው እጩ ሊቀ መንበር ይሆናል። ይሁን እንጂ ገንዘቡ በሙሉ ለመኪና መዋሉን የማይደግፉ 540 አባላት እንዳሉ ልብ ይሏል።

ደንቡ አሸናፊው ከግማሽ በላይ ድምፅ ማግኘት አለበት የሚል ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያዎቹ ሁለት እጩዎች ለመለያ ምርጫ ይቀርቡ ነበር። ከወደቀው ሦስተኛ እጩ ደጋፊዎች መካከል 180ዎቹ ለኖራና ለዘሩ፣ 60ዎቹ ለመኪናው ቢያደሉ ሁለተኛው እጩ 480 ለ420 በሆነ ውጤት ያሸንፋል። አባላቱም ፍላጎታቸውም ቀድሞ እንደነበሩት ናቸው፤ የተለወጠው ደንቡ ብቻ ነው።

ሦስተኛም መንገድ አለ። እጩዎቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ማነጻጸር ነው። መኪና ፈላጊዎቹ ገንዘቡ በሙሉ ለኖራ ከሚውል ይልቅ ለሁለት መከፈሉን ይመርጣሉ፤ ኖራ ፈላጊዎቹም እንዲሁ ገንዘቡ በሙሉ ለመኪና ከሚውል ለሁለት መከፈሉን ይመርጣሉ። ስለዚህ ሦስተኛው እጩ ከአንደኛው ጋር ለብቻው ቢወዳደር 540 ለ360፣ ከሁለተኛው ጋር ቢወዳደር ደግሞ 600 ለ300 ያሸንፋል። በመጀመሪያው ቆጠራ መጨረሻ የወጣው ሰው ሁለቱንም በተናጠል የሚረታ ሆኖ ይገኛል ማለት ነው። ይህን እንቆቅልሽ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ኮንዶርሴ በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ በስፋት መርምሮታል። ሦስት ደንቦች፣ ሦስት ሊቃነ መናብርት፤ መራጮቹ ግን እነዚያው 900 ናቸው።

ከሦስቱ የትኛው ትክክል ነው ለሚለው ጥያቄ ሒሳብ መልስ አይሰጥም። የመጀመሪያው ደንብ ቀላልና ፈጣን ነው፤ አንድ ጊዜ ተመርጦ፣ አንድ ጊዜ ተቆጥሮ ያበቃል። ሁለተኛው አሸናፊውን ከግማሽ በላይ ድጋፍ ያለው ስለሚያደርገው ተቀባይነቱን ያጠናክራል፤ ነገር ግን ሕዝቡን ሁለት ጊዜ መጥራትን ይጠይቃል፣ ወጪውም እጥፍ ይሆናል። ሁሉም በሁለተኛ ደረጃ የሚቀበለውን አስታራቂ ሰውም በመጀመሪያው ዙር ሊጥለው ይችላል። ሦስተኛው መራጩ እጩዎችን በቅደም ተከተል እንዲያስቀምጥ የሚጠይቅ በመሆኑ ማንበብና መጻፍ ለማይችል መራጭ ከባድ ነው፤ ቆጠራውም አድካሚ ነው።

በኢትዮጵያ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ሥራ ላይ ያለው የመጀመሪያው ሥርዓት ነው። ይህም የምርጫ ሕጉ ብቻ ሳይሆን የሕገ መንግሥቱ ውሳኔ ነው። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 2 አባላቱ በየምርጫ ክልሉ ከሚወዳደሩት እጩዎች መካከል አብላጫ ድምፅ በማግኘት እንደሚመረጡ ይደነግጋል።

እዚህ ላይ በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ቃለ ጉባኤዎች ሳይቀር የሚታየውን የቃላት መደባለቅ ማንሳት ይገባል። “አብላጫ ድምፅ” የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሲሸከም ይታያል። በምርጫ ክልል ውድድር አብላጫ ማለት ከሌሎቹ ተወዳዳሪዎች የበለጠ ማለት ነው፤ ከላይ በተጠቀሰው ምሳሌ 40 በመቶ በቂ ሆኗል። በምክር ቤት ስብሰባ ውሳኔ በአብላጫ ድምፅ ጸደቀ ሲባል ግን ከተገኙት አባላት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደገፉት ማለት ነው። አንድ ቃለ ጉባኤ “በአብላጫ ድምፅ ተመረጡ” ብሎ ቢያልፍና ሦስት ተወዳዳሪዎች የነበሩ ቢሆን፣ አቤቱታ በቀረበ ጊዜ ውጤቱን በቁጥር መመርመር ግድ ይሆናል። ምልዓተ ጉባኤም ሌላ ስሌት ነው። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከግማሽ በላይ አባላት መገኘት ሲበቃ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት ግን ሁለት ሦስተኛው መገኘት አለበት።

ወደ አገራዊው ልምድ ስንመለስ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ሁሉንም ወገን በየተራ ሲጠቅምና ሲጎዳ ታይቷል። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ በአዲስ አበባ 23ቱንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ቅንጅት አሸነፈ። ለኢሕአዴግ ድምፅ የሰጠ የከተማዋ ነዋሪ ምንም እንኳ ቁጥሩ ጥቂት የማይባል ቢሆን በከተማዋ ስም አንድም ወንበር አላገኘበትም። በከተማው ምክር ቤት ደግሞ ከ138 መቀመጫዎች 137ቱ የቅንጅት ሆኑ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ2002 ዓ.ም. ሚዛኑ ተገለበጠ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 የምክር ቤቱ መቀመጫዎች 545ቱን ሲይዙ ለመድረክ አንድ፣ ለግል ተወዳዳሪም አንድ ወንበር ብቻ ቀረ። በ2007 ዓ.ም. 547ቱም የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆኑ። በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ወር ድምፅ በተሰጠባቸው 436 የምርጫ ክልሎች ብልጽግና ፓርቲ 410ሩን ሲያሸንፍ አብን 5፣ ኢዜማ 4 መቀመጫ አግኝተዋል።

እነዚህ ውጤቶች በስሌቱ ብቻ የመጡ ናቸው ማለት አይደለም። የፓርቲዎች አቅም፣ የምርጫው ዐውድና የፖለቲካ ምኅዳሩ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው። ሆኖም ስሌቱ በሚገባ ሊታይ ይገባዋል። በአንድ የምርጫ ክልል ሁለተኛ የወጣው እጩ ድምፅ በጎረቤት የምርጫ ክልል ሁለተኛ ከወጣው የፓርቲው ባልደረባ ድምፅ ጋር አይደመርም። በየቦታው ሁለተኛ የሚሆን ፓርቲ በመላ አገሪቱ ብዙ ድምፅ ይዞ ባዶ እጁን ሊመለስ ይችላል። በ1997 ዓ.ም. ቅንጅትና ኅብረት የተባሉት ስብስቦች ተመሥርተው ለውድድር እንደቀረቡት ሁሉ፣ ሥርዓቱ ትናንሽ ፓርቲዎች ከምርጫው በፊት እንዲሰባሰቡ ይገፋፋል። ይህ እንደ ጥቅምም እንደ ጉዳትም ሊታይ ይችላል።

የሥርዓቱ ጥቅሞች በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም። መራጩ እንደራሴውን በስም ያውቀዋል፤ መንገድ ሲበላሽ ወይም ትምህርት ቤት ሳይሠራ ሲቀር የሚጠይቀው የተለየ ሰው አለው። ከዚህም በላይ ሥርዓቱ መሐይምነትን አይፈራም። ምልክት አይቶ ጣት ማሳረፍ የሚችል ሁሉ ይመርጣል። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ክልል የመሆን አማራጭ በሻፌታ፣ በነባሩ ክልል የመቆየት አማራጭ በጎጆ ምልክት ቀርበው የ98.51 በመቶ ውጤት ያለ ብዙ ውዝግብ ሊቆጠር የቻለው ጥያቄው በሁለት ምልክት የሚያልቅ ስለነበረ ጭምር ነው።

ወንበሩ ከአንድ በላይ ሲሆን የስሌቱ ጉልበት ይበልጥ ይጎላል። ያ ምናባዊ ማኅበር አሁን አምስት አባላት ያሉት የሥራ አመራር ኮሚቴ ይመርጣል እንበል። ሦስቱም ወገኖች አምስት አምስት እጩ አቅርበዋል፤ እያንዳንዱ አባል ለአምስት ሰው ድምፅ ይሰጣል። የመኪና ደጋፊዎቹ 360 አባላት ሳይበታተኑ ለአምስቱም የራሳቸው እጩዎች ከሰጡ እያንዳንዳቸው 360 ድምፅ ስለሚያገኙ አምስቱም ወንበር የእነርሱ ይሆናል። ከአባላቱ ስድስት አሥረኛ የሚሆኑት በኮሚቴው ውስጥ አንድም ሰው አይኖራቸውም። ይህ ዓይነቱ አመራረጥ በየማኅበሩ፣ በየእድሩና በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ስብሰባ የተለመደ ሲሆን፣ በክልል ምክር ቤቶች ምርጫም ከአንድ የምርጫ ክልል ከአንድ በላይ ተወካዮች የሚመረጡበት ሁኔታ አለ።

በተመጣጣኝ ውክልና ግን 900 ለአምስት ሲካፈል ለአንድ ወንበር 180 ድምፅ ያስፈልጋል። መኪና ፈላጊዎቹ በ360 ድምፅ ሁለት ወንበር ያገኛሉ። ኖራ ፈላጊዎቹ በ300 አንድ ወንበር አግኝተው 120 ይተርፋቸዋል፤ የመሀሉ ወገን በ240 አንድ ወንበር አግኝቶ 60 ይተርፈዋል። አምስተኛው ወንበር ከፍተኛ ትርፍ ላለው ስለሚሰጥ ውጤቱ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ ይሆናል። ማንም ብቻውን መወሰን አይችልም፤ ገንዘቡ በምን ላይ ይዋል የሚለው ውሳኔ በኮሚቴው ውስጥ በድርድር ይለያል።

ይህ ለአንዳንዱ በጎ ነው፤ ለሌላው ደግሞ የመጓተት ምንጭ ነው። ማኅበሩ በሦስት ወር ውስጥ መኪና መግዛት ወይም አለመግዛቱን መወሰን ካለበት የተከፋፈለ ኮሚቴ ጊዜ ሊያባክን ይችላል። በአገር ደረጃም አገሪቱን በሙሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል በምትቆጥረው እስራኤል 120 መቀመጫዎች ባሉት ምክር ቤት መንግሥት የሚመሠረተው በጥምረት ሲሆን ጥምረቱ በፈረሰ ቁጥር ወደ ምርጫ መመለስ የተለመደ ነው። ሌላው ጉድለት መራጩ ለሰው ሳይሆን ለፓርቲ ዝርዝር ድምፅ መስጠቱ ነው። በዝርዝሩ ማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ የሚወስነው የፓርቲው ጽሕፈት ቤት በመሆኑ እንደራሴው ከመራጩ ይልቅ ለፓርቲው አለቃ ማጎንበስ ይቀናዋል።

በዚህ ረገድ የአፍሪካዊቷ ሌሶቶ ታሪክ ለኢትዮጵያ አንባቢ ትምህርት ሰጪ ነው። በ1998 እ.ኤ.አ. በተካሄደው ምርጫ ገዥው ፓርቲ 60 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ከ80 መቀመጫዎች 79ኙን ወሰደ። ሩብ ያህሉን ድምፅ ያገኘው ተቃዋሚ ፓርቲ ግን በአንድ ወንበር ብቻ ተወሰነ። ተቃውሞው ወደ ሁከት አምርቶ የደቡብ አፍሪካና የቦትስዋና ወታደሮች እስኪገቡ ድረስ ደረሰ። አገሪቱ ቆይታ ያገኘችው መፍትሔ ቅይጥ ሥርዓት ነበር፤ 80ዎቹ የምርጫ ክልሎች እንዳሉ ሆነው 40 ተጨማሪ መቀመጫዎች በድምፅ መጠን እንዲከፋፈሉ ተደረገ። በ2002 እ.ኤ.አ. ምርጫ ገዥው ፓርቲ ዳግም ቢያሸንፍም ተቃዋሚው 21 መቀመጫ ይዞ ምክር ቤት ገባ።

ሌላው ሊታይ የሚገባው የሕዝብ አሰፋፈር ነው። ሥርዓቱ ለትልቅና ለትንሽ ቁጥር ከሚያደላው በላይ በአንድ ቦታ ለተሰባሰበና ለተበተነ ያደላል። በአዊ ዞን ተሰባስቦ የሚኖረው የአገው ሕዝብ በዞኑ ብዙኃኑ ራሱ በመሆኑ ተወካይ ለማግኘት የተለየ ስሌት አያስፈልገውም። በመተከል ከሌሎች ብሔረሰቦች ጋር ተቀላቅሎ ለሚኖረው አገው ግን ያው ሥርዓት ሌላ ትርጉም አለው። ሕገ መንግሥቱ ይህን የተበታተነና አነስተኛ ቁጥር ጉዳይ በሁለት መንገድ ለማቃለል ሞክሯል። በመጀመሪያ ከ550 በማይበልጡት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ውስጥ አነስተኛ ቁጥር ላላቸው ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ከ20 የማያንስ መቀመጫ ጠብቋል። ሁለተኛ በአንቀጽ 61 በፌዴሬሽን ምክር ቤት ለእያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ተወካይ ሰጥቷል። የአማራ ክልል በ1994 ዓ.ም. ያወጣው የተሻሻለ ሕገ መንግሥትም ለአዊ፣ ለኽምራና ለኦሮሞ የየራሳቸውን የብሔረሰብ ምክር ቤት አቋቁሟል፤ የአዊው መቀመጫ እንጅባራ ነው። እነዚህ ሁሉ የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ብቻውን የማይሞላውን ክፍተት ለመሙላት የታሰቡ ናቸው። የፖለቲካ አመለካከትን መሠረት ያደረገ ልዩነት ግን በብሔር ቀመር አይሸፈንም። በአዲስ ቅዳም አንድ ቋንቋ የሚናገሩ ጎረቤታሞች በዛፍና በእህል ቢለያዩ የሚያስታርቃቸው ሌላ ስሌት ነው።

ቅይጥ ሥርዓት በኢትዮጵያም በጠረጴዛ ላይ ቀርቦ ያውቃል። በ2010 ዓ.ም. ኢሕአዴግና በድርድሩ የተሳተፉ ፓርቲዎች የምክር ቤቱ መቀመጫ 80 በመቶ በአብላጫ ድምፅ፣ 20 በመቶው በተመጣጣኝ ውክልና እንዲያዝ ተስማምተው ነበር። ስምምነቱ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምርጫ አዋጅ ቁጥር 1162ም ነባሩን ሥርዓት ይዞ ቀጠለ። የአንቀጽ 54ን ስሌት መለወጥ በአዋጅ የሚከናወን አይደለም። ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መቀበል አለባቸው፤ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው እያንዳንዳቸው በድምፅ ብልጫ ማጽደቅ ይኖርባቸዋል። ስለዚህ የምርጫ ሥርዓት ይለወጥ የሚል ሁሉ በነባሩ ሥርዓት ተመርጦ ወንበር የያዘውን አካል ማሳመን አለበት።

ከስሌቱ ሌላ የድምፅ አሰጣጡ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል። እጅ ማውጣት ወረቀት አይፈልግም፣ በአንድ ሰዓት ያልቃል፣ ቆጠራውን ሁሉም በዓይኑ ያያል። ነገር ግን ሁሉም የሚያየው ቆጠራውን ብቻ አይደለም። ማዳበሪያ በብድር የወሰደ፣ የመሬት ጉዳይ በቀበሌ ያለው ወይም ዝውውር የሚጠብቅ ሠራተኛ እጁን ሲያወጣ ማን እንደሚያየው ያሰላል። ኬንያ በ1988 እ.ኤ.አ. በገዥው ፓርቲ የእጩዎች ምርጫ መራጮች ከሚደግፉት እጩ ኋላ ተሰልፈው እንዲቆጠሩ አድርጋ ነበር። ከ70 በመቶ በላይ ሰልፍ ያገኘው እጩ በምሥጢር ድምፅ ሳይፈተን ያልፍ ስለነበር፣ ረጅሙ ሰልፍ ተሸንፎ አጭሩ ሰልፍ አሸናፊ ተባለ የሚለው ምሬት ለዓመታት ዘልቆ አሠራሩ ሊቀር ችሏል። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 38 በማናቸውም የመንግሥት እርከን የሚካሄድ ምርጫ በሚስጥር ድምፅ እንዲሆን ያዛል፤ በሙያና በሠራተኛ ማኅበራት ምርጫ ላይ የሚጠይቀው ግን ነጻና ዴሞክራሲያዊ መሆኑን ነው። በማኅበራት ዘንድ እጅ ማውጣት የቀጠለው በዚህ ልዩነት ምክንያት ነው ለማለት ይቻላል።

እጅ ማውጣት ሌላም ስውር ጉድለት አለው። እጩዎች በጥቆማ ቅደም ተከተል አንድ በአንድ ሲጠሩና ለአንዱ እጁን ያወጣ ለሌላው እንዳያወጣ ሲከለከል፣ መጀመሪያ የተጠራው እጩ የማመንታትን ድምፅ ይሰበስባል። ጥቆማው ይዘጋ የሚለው ሰውም ከመራጭ ያላነሰ ሥልጣን ይዟል።

የመንግሥትን ምርጫ ስሌት ለመለወጥ ሕገ መንግሥት ማሻሻል ቢያስፈልግም በየወረዳው ያሉ ማኅበራት ስሌት በመተዳደሪያ ደንባቸው ይወሰናል። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 አንድ አባል የአክሲዮኑ ብዛት ምንም ቢሆን አንድ ድምፅ እንዳለው ደንግጓል። በአንድ ድምፅ ስንት ሰው ይመረጣል የሚለው ግን በደንብ ሊብራራ የሚገባው ነው። ባለ 900 አባላቱ ማኅበር እያንዳንዱ አባል ከአምስት ይልቅ ለሦስት እጩ ብቻ ምልክት እንዲያደርግ ቢደነግግና ወገኖቹ ሦስት ሦስት እጩ ቢያቀርቡ፣ 360ዎቹ ሦስት ወንበር ይዘው ሁለቱ ለኖራ ፈላጊዎቹ ይተርፋሉ፤ የመሀሉ ወገን ግን ውጭ ይቀራል። ለአንድ ሰው ብቻ እንዲሰጥ ቢደረግና ወገኖቹ እጩዎቻቸውን ቢመጥኑ፣ ያለ ፓርቲ ዝርዝርና ያለ ማካፈል ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ የሚለው ውጤት ይገኛል። ጃፓን የታችኛው ምክር ቤቷን አባላት እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ድረስ የመረጠችው በዚህ መንገድ ነበር። ጉድለቱ ደጋፊዎችን በእኩል ማከፋፈል የሚጠይቅ መሆኑ ነው፤ 360ዎቹ በሙሉ በአንድ ተወዳጅ ሰው ላይ ቢከመሩ አንድ ወንበር ብቻ ያገኛሉ፣ የሁለተኛውም ወንበር ዕጣ ጥቂት ድምፅ ላገኘ ሌላ እጩ ይደርሳል። እኩል ድምፅ ቢመጣ ምርጫው ይደገም ወይስ ዕጣ ይውጣ የሚለውም እጩዎች ከመጠቆማቸው በፊት በደንቡ ተጽፎ መገኘት አለበት፤ ስሞቹ ከታወቁ በኋላ የሚወጣ ደንብ ለማን እንደሚጠቅም ሁሉም አስቀድሞ ያሰላዋልና።